ሞላ፣ ሄደ፣ መጣሁ፦ የጠዳ ታክሲ ለእንግሊዝኛ ሰዋስው ያለው አስተዋጽኦ

የጥናቱ መነሻ፦ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ አንስቶ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በዚሁ መሠረት ተማሪው ጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ እስኪገባ ድረስ ፕረዘንት ፐርፌክትን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይማራል፤ በየክረምቱም እንደ አዲስ ይረሳል። ይህ ጥናት ምክንያቱን ይመረምራል።

የጥናቱ ዘዴ፦ መረጃው የተሰበሰበው ከጠዳ በአዘዞ በኩል ጎንደር በሚገባ ታክሲ ውስጥ፣ ታክሲው እስኪሞላ ነው። የጊዜ እጥረት አላጋጠመም።

ግኝት አንድ፣ መስተዋድድ፦ አማርኛ «በ»ን ብቻ ይዞ በጎንደር ይኖራል፣ በመኪና ይሄዳል፣ በ2 ሰዓት ይደርሳል፣ በቢላ ይቆርጣል። እንግሊዝኛ ለነዚሁ ሥራዎች ኢን፣ ባይ፣ አት እና ዊዝ የተባሉ አራት ሠራተኞች ቀጥሯል። የሥራ ክፍፍሉ ያስመሰግናል። ሆኖም የታክሲ ተሳፋሪ ኢን፣ የአውቶብስ ተሳፋሪ ኦን ነው የሚለው ደንብ በመስክ ምልከታ አልጸናም። አውቶብስ ላይ ያለው እግሩን ታስሮ ፖርቶመጋላው ላይ የተጋደመው በግ ነው፤ ሰዎቹ ውስጥ ናቸው። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም ኦን ይላቸዋል። ሂሳብ ሲሰበሰብ እንኳን ሰውና በግ ይለያሉ።

ግኝት ሁለት፣ የግሥ ጊዜ፦ ረዳቱ «ሞላ! ሞላ!» ሲል የኋላው ወንበር ባዶውን ነው። «ሄደ! ሄደ!» ሲል ሹፌሩ ሻይ ቤት ተቀምጧል። ከመውረጃው በር አጠገብ የነበሩ አንዲት እናት «መጣሁ ልጄ፣ ቦታዬን ያዝልኝ» ብለው ወርደው ወደ ገበያ ሄዱ። ሦስቱም ግሦች ኃላፊ ጊዜ ናቸው፤ ከሦስቱ የተፈጸመ ግን የለም። መማሪያ መጽሐፉ ሲምፕል ፓስት ያለቀ ነገር ነው ይላል። ጠዳ ላይ ያለቀው የተሳፋሪው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ማጠቃለያ፦ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥናቱ ይህንን በረዳቶች አያላክክም። ሆኖም ወደፊት «ታክሲው ____» የሚል ባዶ ቦታ ሲመጣ «ሄዷል»፣ «እየሄደ ነው» እና «ይሄዳል» እኩል ነጥብ ይሰጣቸው ዘንድ ይመክራል። ዜሮ የሚያገኘው መነሻ ሰዓቱን የጻፈ ተማሪ ብቻ ይሁን።