የሣሩ ደጋፊዎች

በኮንሶል ኳስ ሲጫወት ሣር የሚያይ ሰው መኖሩን ያወቅሁት የአክስቴ ልጅ አዲሱን ኮንሶል ከገዛ ወዲህ ነው። ጎል አግብቼበት ልፎክር ስነሳ ጨዋታውን ያቆምና «ቆይ፣ ቆይ፣ ሣሩን አየኸው?» ይለኛል። ከዚያ ሪፕሌዩን ያመጣል፤ ካሜራውን ያዞራል፤ ያቀርባል። ሣሩ፣ እውነት ለመናገር፣ ሣር ነው። ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የተከላካዩ ላብ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ሲወርድ ይታያል። የጎሌ ነገር በዚያው ይረሳል፤ ለነገሩ ሰውዬውም የሚፈልገው ይኼንኑ ሳይሆን አይቀርም።

እሱ ብቻ ቢሆን ለዝምድናው ስል እችለው ነበር። ማኅበርተኞቹ ግን ብዙ ናቸው። ስለ የትኛውም ኮንሶል ብትነግሯቸው የሚጠይቋችሁ አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ኬ ነው?» ምን ምን ጨዋታ አለው፣ ለስንት ሰው ይሆናል፣ ያዝናናል ወይ የሚለው የተራ ሰው ጥያቄ ነው። ፎርኬ ያልሆነ ዕቃ አይባልም፤ ኤችዲ ብቻ ከሆነማ ሕፃን እንዲያለቅስ የማይፈልግ ሰው ለማባበያ ይግዛው።

ተከራክሬ ስላልቻልኳቸው ልቀላቀላቸው ወስኛለሁ። እነሆ እኔም የሣሩ ደጋፊ ነኝ። ምስሉ ያልጠራ ኮንሶል ገበያ ላይ አይቆምም፤ ይህን በሙሉ ልቤ አምናለሁ። እምነታችን እንዲጸና ግን ከታሪክ መዝገብ ላይ ጥቂት ገጾችን መቅደድ ሳይኖርብን አይቀርም።

መጀመሪያ የሚቀደደው እ.ኤ.አ. 2006 ነው። በዚያ ዓመት ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን በ500 እና በ600 ዶላር ይዞ ብቅ አለ፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ በዓመት ቀድሞ ኤክስቦክስ 360ን አሰልፏል። ሁለቱም ኤችዲ፣ ሁለቱም የተከበሩ። ኒንቴንዶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዊ የምትባል፣ ምስሏ 480 መስመር ላይ የቆመ ትንሽ ነጭ ሳጥን በ250 ዶላር ይዞ መጣ። በእኛ ሕግ ለፈረንጆቹ ገና ሳትደርስ መቀበር ነበረባት። እሷ ግን ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠች። ሁለቱ ባለ ኤችዲዎች እያንዳንዳቸው 90 ሚሊዮን ሳይሞሉ ቀሩ።

ገዢዎቹ እነማን እንደነበሩ ሲታይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፦ በሕይወታቸው ጆይስቲክ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች! አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያዎች አያቶች ሪሞት የመሰለች ዕቃ እያወዛወዙ ቦውሊንግ ይወዳደሩ ጀመር። አንዳቸውም የኳሷን ፒክሰል ለመቁጠር መነጽራቸውን አልጠረጉም። በጨዋታው የጋለውማ ሲወረውር የእጁ ማሰሪያ እየተበጠሰ ሪሞቷ ተወርውራ ቲቪ ትመታ ስለነበር፣ ኩባንያው ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ማሰሪያ እለውጣለሁ እስከማለት ደርሷል። ምስሏ የደበዘዘባት ኮንሶል የገዢዋን የጠራ ቲቪ ትሰብራለች። ከዚህ በላይ ድፍረት አለ?

ኒንቴንዶ ከኃጢአቱ የተመለሰው በ2012 ነው። የመጀመሪያውን ኤችዲ ኮንሶሉን፣ ዊ ዩን፣ አወጣ። እኛም እልል አልን። እሱም 13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ተሸጦ አረፈ። ስሙ ሰው አደናግሮ ነው፣ ጨዋታ አንሶት ነው የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ቢያንስ ሲሞት በኤችዲ ነው የሞተው።

ስለ ኒንቴንዶው የእጅ ኮንሶል፣ ስለ ጌም ቦይ፣ ዝም ብንል ይሻላል። በ1989 ቢጫ አረንጓዴ በሆነች፣ ቀለም የሚባል በማታውቅ ስክሪን ወጥቶ ባለ ቀለሙን የሴጋ ጌም ጊር ድራሹን አጥፍቶታል። የሴጋው ስድስት ባትሪ ጎርሶ በጥቂት ሰዓት ይራባል፤ ይኼኛው በአራት ባትሪ ቀኑን ይውላል። ባትሪውን የሚገዛው አባት የትኛውን እንደመረጠ መገመት አያቅትም።

ያለፈው አለፈ፤ የወደፊቱን እናስተካክል። ከኮንሶል ዋናው ምስሉ፣ ከምስሉም ዋናው ሣሩ ከሆነ፣ ኳሷ እዚያ ሜዳ ላይ ምን ትሠራለች? በተንከባለለች ቁጥር ሣር ትሸፍናለች። ትውጣ። ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾችም በታኬታ ነው የሚረግጡት፤ ይውጡ። ላባቸው የናፈቀው መልበሻ ክፍል ገብቶ ይያቸው። ዳኛው መቆየት ይችላል፣ ግን ጠርዝ ላይ፣ በባዶ እግሩ። ዘጠና ደቂቃ የሚባለውም የኳስ ዘመን ቅሪት ነው፤ ሣር በዘጠና ደቂቃ ምን ያህል ያድጋል? የመጀመሪያው አጋማሽ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይሁን፤ ጳጉሜን እረፍት፤ ሁለተኛው አጋማሽ እስከ አጨዳ። ኮሜንታተሩ ትንፋሹን ውጦ «በግራ ኮርነር በኩል አንዲት ቅጠል... እየተነሣች... ዘነበለች!» ሲል ሰፈር ይናወጥ። አሸናፊው ጆይስቲኩን ሳይነካ ብዙ የቆየው ነው። በስሕተት የነካ ቢጫ፣ ሆን ብሎ የተጫወተ ቀይ። የዝውውር መስኮት ሲከፈት የሱሉልታ ሣር ወደ እንግሊዝ ይፈርማል፤ የሱሉልታ ገበሬ ወኪል ይቀጥራል፤ ሣሩ ለአገሩ ሣር ቡድን መጠራት አለበት የለበትም እየተባለ በየሻይ ቤቱ ጠብ ይነሣል። ለእንቁጣጣሽ ልዩ የቄጤማ እትም ይለቀቃል። ትልልቆቹ ጨዋታዎች አሁንም 100 ጊጋባይት እያለፉ ስለሆነ፣ ቄጤማው ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ ማውረዱን ከፋሲካ መጀመር ነው፤ መብራት ካልጠፋ።

ልማቱ በዚህ ከቀጠለ ኢንዱስትሪው ትክክለኛ ደንበኛውን ያገኛል፦ በሬ። በሬ ስለ ጨዋታው ታሪክ አይጠይቅም፣ ዋጋ አይከራከርም፣ ዓይኑን ከሣሩ አይነቅልም። ችግሩ አንድ ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ የቀረው የተረቱ በሬ እንኳ ሣሩን ሊበላው አስቦ ነበር፤ የእኛ ሰዎች 700 ዶላር ከፍለው ያዩታል። 700ን ከራሴ አላመጣሁትም። በ2024 ሲወጣ የፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ዋጋ ይኼው ነበር፤ የዲስክ ማጫወቻ እንኳ አብሮት አይመጣም። ያንን የፈለገ ለብቻው ይገዛል። ሣሩ ግን ይበልጥ ጠርቷል፤ የፕሮውንና የተራውን ስክሪን ጎን ለጎን አድርገው አጉልተው ካላሳዩኝ በቀር ልዩነቱ አይታየኝም እንጂ።

ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት እምነታችን ገና አልደረሰውም። ያረጀ ፕሌይስቴሽን፣ ጥጉ የጠቆረ ቲቪ፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲክ። ልጆቹ በየጨዋታው ይከፍላሉ፤ የተሸነፈ ይነሣል፤ ተራ የሚጠብቀው ከተጫዋቹ ይልቅ ያውቃል። ስክሪኑ ላይ ያለው አጥቂ ፊቱ በጡጫ የተስተካከለ ይመስላል፣ ሣሩም አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። ጎል ሲገባ ግን ጩኸቱ አስፋልት ማዶ ይሰማል። ምስኪኖች፤ እየተዝናኑ እንዳልሆነ የሚነግራቸው የለም።

እኔ ግን ከጓደኛው ጋር የሚጫወትን ሰው ማየት እወዳለሁ፤ ምስል አምላኪዎቹ የነጠቁኝም ይህንኑ ነው። በ2015 የወጣው ሄይሎ 5 የተባለው ጨዋታ፣ ቀዳሚዎቹ የሚታወቁበትን፣ አንድ ስክሪን ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚጫወትበትን ዘዴ አስወጣ። ስክሪኑ ሲከፈል ማሽኑ ያንኑ ዓለም ሁለት ጊዜ መሳል አለበት፤ ሁለት ጊዜ እየሳለ በሰከንድ 60 ፍሬም ላድርስ ቢል አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ ከሶፋው ላይ አንድ ሰው መነሣት ነበረበት፤ ተነሣ። አብሮህ መጫወት ከፈለገ የራሱን ኮንሶል፣ የራሱን ቲቪ ይግዛና ከቤቱ ሆኖ ይግባ። ለምስል ሲባል ሰውን ከጎን ማስነሣት ድንቁርና ነው። ሌላ ስም የለውም።

ማኅበርተኞቼ እዚህ ላይ 2013ን ይመዙብኛል። ፕሌይስቴሽን 4 ያሸነፈው በምስል ጥራት ኤክስቦክስ ዋንን በልጦ አይደለም ወይ? በልጦታል። ገበያ ሲወጣ በ100 ዶላርም ይረክስ ነበር፤ ይህችኛዋን ሲያነሷት ግን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።