ግዙፋን ፍጥረታት በጠባብ ቦታ ስለሚያልፉበት ሁኔታ የወጣ አዋጅ

ስማ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዘንዶ ሆይ፣ ኦገር ሆይ፣ ድብ ሆነህ የመጣህ ድሩይድ ሆይ!

እኛ፣ በዚህ ጠረጴዛ ራስጌ ከካርቶን መከለያ ጀርባ የተሰየምነው የጨዋታ መሪ፤

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ በ1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ካወጡ ወዲህ፣ ከበሩ የሚሰፋ አውሬ በየክፍሉ ተኝቶ መገኘቱ የተለመደ በመሆኑ፤

ተጫዋቾችም «ይሄ በየት ገባ?» የሚለውን ጥያቄ ዘንዶው እሳት ሊተፋ አፉን ሲከፍት ብቻ የሚያነሱ በመሆኑ፤

የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ቦታ» ማለት ፍጥረቱ በውጊያ የሚቆጣጠረው ስፍራ እንጂ የወገቡ ልክ አይደለም። ሰው 5 ጫማ በ5 ጫማ የሆነ ካሬ ይይዛል፤ 5 ጫማ የሚሰፋ ሰው ግን እስካሁን ለጽሕፈት ቤታችን አልቀረበም። ትልቅ የተባለው 10 በ10፣ ግዙፉ 15 በ15 ይይዛል። ከዚያ በላይ ያለው 20 በ20፣ ወይም ደስ ያለውን ያህል።

አንቀጽ 2። በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የተጫዋቾች መጽሐፍ መሠረት፣ ማንኛውም ፍጥረት በመጠን አንድ ደረጃ ለሚያንሰው በሚበቃ ቦታ ተጣቦ ማለፍ ይችላል። ስለሆነም ትልቅ የተባለው ኦገር 5 ጫማ በሆነ መተላለፊያ ይገባል። ሲገባ ግን እያንዳንዱ ጫማ ሌላ አንድ ጫማ ያስከፍለዋል፤ በተራው 40 ጫማ ይሄድ የነበረው 20 ላይ ይቆማል። ሲመታ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ሁለቴ ጥሎ ያነሰውን ይወስዳል፤ እሱን የሚመታው ሰው ደግሞ የበለጠውን። የእሳት ኳስ ቢወረወርበትም ለማምለጥ የሚቆጠርለት ያነሰው ነው። «ዱላዬን ካላወዛወዝኩ እወጋበታለሁ» የሚል አቤቱታ ተቀባይነት የለውም። በጥቃትም በመከላከያም 4 ያስቀንስ የነበረው የ3.5 እትም ደንብ ተሽሯል፤ ናፋቂዎቹ በጓዳ እንደሚሠሩበት ግን እናውቃለን።

አንቀጽ 3፣ ስለ ዘንዶ። ጎልማሳ ቀይ ዘንዶ ግዙፍ ስለሆነ 10 ጫማ በሆነ በር ተጣቦ ይገባል፤ 5 ጫማ በሆነው በር ግን በምንም ተአምር አይገባም። «ጫጩት ሳለሁ ገብቼ እዚሁ አደግሁ» የሚል ዘንዶ፣ ጎልማሳ ለመባል ከ100 ዓመት በላይ ስለሚያስፈልግ፣ ያን ሁሉ ዘመን በዚያ ክፍል ምን ሲበላ እንደኖረ በጽሑፍ ያስረዳ። ማስረጃ ከታጣ የካርታው ሠዓሊ፣ ማለትም እኛ፣ ጣሪያው ላይ ሰፊ ሽንቁር ጨምረን ቀኑን ወደ ኋላ እንጽፋለን። ሽንቁሩ ከመጀመሪያው እንደነበረ ይቆጠራል።

አንቀጽ 4። ብላክ ፑዲንግ የተባለው አሲዳማ ዝልግልግ በ1 ኢንች ስንጥቅ ሳይጣበብ ያልፋል፤ ስለዚህ ከዚህ አዋጅ ነፃ ነው፤ በር መዝጋትም አያዋጣም። ጄላቲነስ ኪዩብ ግን ዝልግልግ ነኝ ብሎ ይህን መብት እንዳይጠይቅ፤ በመዝገቡ ላይ አልተጻፈለትም። 10 ጫማ መተላለፊያ ሞልቶ መጥረጉን ይቀጥል።

አንቀጽ 5። በማሳደጊያ ድግምት የሚያድግ ሁሉ ክፍሉ በፈቀደለት ልክ ብቻ ያድጋል። ጣሪያ መግፋት ክልክል ነው።

የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። ይህ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት በር ላይ ተቀርቅሮ የቀረ ኦገር ጉዳዩ በቀድሞው ደንብ ይታያል፤ እስከዚያው ድረስ ከኋላው የተሰለፉት በትዕግሥት ይጠብቁ።

አዋጁ ቀጣዩ ዳይስ ከተጣለበት ጊዜ ጀምሮ የፀና ይሆናል። ከጠረጴዛው ሥር የወደቀ ዳይስ አይቆጠርም።