በአንዲት «ዘ» ጦስ

በእንግሊዝኛ ሰው የሚያሳስሩት ረጃጅሞቹ ቃላት አይደሉም። እነሱ ቢቸግሩ መዝገበ ቃላት ይገለጥላቸዋል። የሚያሳስሩት «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ» ናቸው። ማሳሰር ስል የምሬን ነው። 12ኛ ክፍል የሚማረው የእህቴ ልጅ ለፈተና ልምምድ ብሎ ስለ እኔ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጻፈ። የታሰረ የሠፈራችንን ሰው በየእሑዱ ስለምጠይቅ «አጎቴ እሑድ እሑድ ማረሚያ ቤት ይሄዳል» ማለቱ ነበር። «ፕሪዝን» ከሚለው ቃል በፊት ግን «ዘ» አላስገባም። «ጎ ቱ ፕሪዝን» ማለት እስረኛ ሆኖ መግባት ነው፤ «ጎ ቱ ዘ ፕሪዝን» ስንቅ ይዞ ደርሶ መመለስ። በልጁ ጽሑፍ እሑድ ታስሬ ሰኞ የምፈታ ወንጀለኛ ሆኜ አረፍኩት።

«ጋሼ፣ አንዲት ‹ዘ› እኮ ናት የቀረችው!» አለኝ ሳቁን እየዋጠ።

«ዋሴ እሷ ነበረች» አልኩት።

ሕጉ ሲያዩት ቀላል ነው። የትኛው እንደሆነ ተናጋሪውም ሰሚውም ካወቁት «ዘ»፤ ነገሩ አንድ ሆኖ ለሰሚው እንግዳ ከሆነ «ኤ» ወይም «አን»። ይህን ያህሉን አማርኛም ያውቃል። «አንድ ልጅ መጣ» ብለን ካስተዋወቅን በኋላ «ልጁ» እንላለን፤ እነሱ ከፊት ያስቀድማሉ፣ እኛ ከኋላ እንቀጥላለን። በ«ኤ» እና በ«አን» መካከል የሚዳኘውም ድምፅ እንጂ ፊደል አይደለም። «ዩኒቨርሲቲ» በአናባቢ ፊደል ቢጻፍም ሲነገር በ«ዩ» ስለሚነሳ «ኤ» ይበቃዋል፤ «አወር» ደግሞ የማትነበብ ኤች ከፊቱ ተሸክሞም «አን» ይወስዳል። እዚህ ላይ ባለቤቶቹም ተደናግረው ያውቃሉ። ሽርጥ በጥንቱ እንግሊዝኛቸው «ናፕረን» ነበር። «ኤ ናፕረን» ሲባል ሲባል ጆሮ «አን ኤፕረን» ብሎ ሰማውና የሽርጡ «ን» ተሰርቃ ቀረች። እስከ ዛሬም አልተመለሰች።

ልጁን ያንገበገበው ግን የቦታ ስም ነው። ዓባይ «ዘ ብሉ ናይል» ይባላል፤ ጣና ግን «ሌክ ጣና» ተብሎ ባዶውን ይቀራል።

«ጋሼ፣ ዓባይ ከጣና አይደል እንዴ የሚወጣው? ልጅ ተሹሞ እናት ትረሳለች?»

ምን ልበለው? ወንዝ ይሰጠዋል፣ ባሕርና ውቅያኖስ ይሰጣቸዋል፣ ሐይቅ ይነፈገዋል። ራስ ዳሸን ያን ሁሉ ቁመት ይዞ አንዲት «ዘ» አላገኘም፤ የሰሜን ተራሮች ተብለው በጋራ ሲጠሩ ግን ለሁሉም ትደርሳለች። ልክ እንደ ዕድር ነው፤ ካልተሰበሰቡ ድንኳን የለም። አገሮችም በዚሁ ጉዳይ ይናቆራሉ። ጋምቢያ «ዘ»ዋን በይፋ ስሟ ውስጥ አስገብታ ይዛለች። ዩክሬን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ አንሱልኝ ብላ ሞግታለች፤ «ዘ» ሲጨመርባት አገር መሆኗ ቀርቶ የሌላ አገር ጠርዝ የምትመስል ሆኖባታል። ጎረቤታችን ሱዳንም ድሮ በ«ዘ» ትጠራ ነበር፤ አሁን አብዛኛው ሰው ትቶታል።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ብቻውን አይደለም። ኒል አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃን ሲረግጥ የተናገረውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ እርምጃው ለአንድ ሰው ትንሽ፣ ለሰው ልጅ ግን ታላቅ ዝላይ ነው ማለቱ ነበር። ችግሩ «ማን» ከሚለው ቃል በፊት «ኤ» አልተሰማችም። ያለሷ «ማን» ራሱ የሰው ልጅ በሙሉ ማለት ስለሚሆን፣ ንግግሩ «ለሰው ልጅ ትንሽ፣ ለሰው ልጅ ታላቅ» ሆኖ ቁጭ አለ። ሰውየው «ኤ»ን ለማለት አስቤ ነበር ብሏል፤ ሌሎችም ቅጂውን መላልሰው እየሰሙ ተከራክረዋል። ጨረቃ ድረስ ተጉዞ በሰዋስው መያዝ የእንግሊዝኛ ጭካኔ ነው።

የእኛም ቋንቋ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ «ቤቱ ተሸጠ» ሲባል ይሰማል። የምናውቀው ቤት ነው ወይስ የእሱ ቤት? አማርኛ ለሁለቱም ያችኑ አንዲት ድምፅ አበድሯል። «መኪናዋ ተበላሸች» ሲባልማ ይብስበታል፤ መኪናው የአንዲት ሴት ይሁን፣ ወይስ ባለቤቱ ወዶት በሴት እየጠራው ይሁን፣ ጠይቆ ካልሆነ አያውቅም። «ትልቁ ቤት» ሲባል ደግሞ ያ ጅራት ቤቱን ትቶ ቅጽሉ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘዋል። ይህን ሁሉ ለይቶ እስኪጨርስ ድረስ አንድ ለአንድ ነን።