የአልጋ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልጃችንን እንዳር ተባለና ቀኑ የካቲት መጀመሪያ ላይ ተቆረጠ። ቀን ሲቆረጥ እኔን የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅ ኖሮ በዚያው ሰሞን የአፍሪካ መሪዎች ለኅብረቱ ጉባኤ እንደሚገቡ፣ እነሱ ሲገቡ ደግሞ ለእኛ ዘመድ የሚተርፍ አልጋ እንደማይገኝ እነግራቸው ነበር። የፈለጉኝ ኋላ ነው፤ ያውም «አባባ፣ የእንግዳ ማረፊያ ኮሚቴው ሰብሳቢ እርስዎ ነዎት» ለማለት። በእኛ ቤት የኮሚቴ ሥራ የሚሠራው በልጆች ስልክ ነው፤ ስድቡ ግን ለሰብሳቢው ይደርሳል።

ዱሮ እዚህ ጉለሌ ሠርግ ሲኖር ሆቴል የሚባል ነገር በማንም አፍ አይነሳም ነበር። ዕድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ያወጣል፤ እንግዳውን ጎረቤት ይከፋፈለዋል። ከጎጃም የመጡት አንዱ ቤት፣ ከመንዝ የመጡት ሌላው ቤት፣ ቄሱ ደህና አልጋ ያለበት ቤት። የቀረው ፍራሽ ተነጥፎለት ጋቢውን ተከናንቦ ተደርድሮ ይተኛል። ያንኮራፋ እንደሆነ ጠዋት ስም ይወጣለታል፤ ስሙም እስከ ዕለተ ሞቱ አይለቀውም።

ዛሬ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ጥያቄው ይመጣል። የሙሽራው አባት ማን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፤ የሁሉም ጥያቄ «ሙቅ ውሃ አለው ወይ?» ነው። በዚህ በኩል እንኳ ብዙ አልፈርድባቸውም። ይህች ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው ሙቅ ውሃ ፍለጋ ነው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እዚህ በላያችን እንጦጦ ላይ ቤተ መንግሥት ሠርተው ነበር፤ ብርዱ አላስቀምጥ ሲል እቴጌይቱ ወደ ፍል ውሃ ወረዱ፣ ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴልም ፒያሳ ላይ ሲሠራ የወጣለት ስም የእሳቸው ነው። ከእንጦጦ ሥር ተቀምጬ «ሙቅ ውሃ ምን ያደርግልሃል?» ብል የሚሰማኝ አላገኝም።

ስለዚያው ሆቴል ሲወራ የኖረ ነገር አለ። ተከፍቶ ሳለ ሰዉ በገንዘብ ምግብ መብላትን እንደ ነውር ቆጥሮ አልገባም ቢል፣ ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንቱን አስከትለው ገቡ፣ በሉ፣ ሒሳቡንም ከፍለው አሳዩ ይባላል። መክፈሉን እንግዲህ ያኔ ለምደናል። መምረጡን ያስተማረን ንጉሥ ግን የለም።

ልጆቹ ቦሌ ይሁን አሉ። ሠርጉ ሽሮ ሜዳ፣ እንግዳው ቦሌ! የከተማው ሰው ሁሉ የሐበሻ ቀሚስ ሊገዛ ሽሮ ሜዳ ድረስ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሩቅ ነው የሚል የለም። ማደር ሲመጣ መንገዱ ይረዝማል። «እንግዳው በሠርግ መኪና ጥሩምባ መሃል ተቆልፎ ቅዳሜን ሙሉ ሊውል ነው ወይ?» ብዬ ስጮህ፣ በሉ እንግዲህ እርስዎ ሰፈሩን አሳዩን አሉኝና ከልጅ ልጄ ጋር ዞርን።

አንዱ ዘንድ አሳንሰሩ አለ፤ አይሠራም። ሌላው ዘንድ በፊት መስኮት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ በኋላው የጭፈራ ቤት፤ እዚያ ያደረ ሰው ዓይኑን ሳይከድን ከዘፈን ወደ ኪዳን ይሸጋገራል። ሦስተኛው ጥሩ ነበር። ወጣቱ ዋጋውን ነገረኝና «ቫት 15 በመቶ፣ አገልግሎት 10 በመቶ ይጨመራል» አለ። ያለ አገልግሎት ስንት ነው ብለው ሳቀ። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ ፓስፖርት መጣ። የውጭ ፓስፖርት የያዘ የሚከፍለው በዶላር ነው አሉን። ያው ክፍል፣ ያው አንሶላ። ወንድማማቾች ናቸው፣ አንድ እናት ነች የወለደቻቸው፣ ልዩነቱ አንዱ ከደሴ ሌላው ከዋሽንግተን መምጣታቸው ብቻ ነው ብል ሰሚ አጣሁ። አንዱ በብር ተኛ፣ አንዱ በዶላር። ጠዋት ዶላሩ «ትራሱ ጠንካራ ነው» ሲል ብሩ ምንም አልተሰማውም።

በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ይህች ከተማ የ30 ምናምን አገር መሪዎችና ልዑካን ተቀብላ ሸኝታለች፤ ያኔ ሂልተን እንኳ አልተሠራም። ንጉሡን የሚያህል ሰብሳቢ ነበራቸው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ይሁን። ግን ከመሪዎቹ መካከል የሙሽራዋ እናት ታላቅ አክስት አልነበሩበትም።

ጠቡ የተነሳው የልጅ ልጄ ምድቡን በቴሌግራም የለቀቀችው ማታ ነው። እገሌ እዚህ፣ እገሊት እዚያ፣ ከየሆቴሉ ስም ጎን ኮከቡ። ዱሮ ለሠርግ ኮከብ የሚቆጠረው ለሙሽሮቹ ነበር፤ ይስማማል፣ አይስማማም ተብሎ። አሁን ለእንግዳው ሆነ። ከደብረ ማርቆስ የባለቤቴ ታላቅ እህት ደወሉ። «ስማ አንተ፣ እኔ ባለ ሁለት፣ እሷ ባለ ሦስት? በምኔ አንሼ?» ሌላዋ ባለ ሦስት የተሰጣት ቅርብ የነበረው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። ይህን ማን ያምናል?

ሰውን በደረጃ ማስቀመጥ አዲስ ነገር አይደለም። በምኒልክ ግብር ላይ መኳንንቱ ወደ ዙፋኑ ቀርበው፣ ወታደሩ ተራውን ጠብቆ ነበር የሚበላው። በሰፈራችንም ያለው ዘመድ አልጋ ላይ፣ የሌለው ፍራሽ ላይ ያድር ነበር። ግን ማን የት እንዳደረ ተጽፎ አይዞርም። የእትዬ ቤት ከጋሼ ቤት በስንት ብር እንደሚበልጥ የሚያውቅ ስለሌለ፣ እያንዳንዱ እንግዳ የተሻለው ቤት የደረሰው ለእሱ መስሎት አገሩ ይገባል። ያን ግምት ነው በሁለትና በሦስት ኮከብ ያፈረስነው።

እንግዶቹ ሐሙስ ማታ ገቡ። እንግዳ ተቀባይዋ መታወቂያ ስትጠይቅ ባለ ሁለት ኮከቧ እመቤት ወደ እኔ ጠቆሙ፤ «የሙሽራዋ አያት ይኸው ቆሟል፣ እሱ ያውቀኛል፣ አይበቃም?» «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ላለ ሁሉ «ቤት የእግዜር ነው» ሲባል ለኖረበት አገር ሰው ይህ ምርመራ ነው። ሁለቱን የመርሐ ቤቴ ካህናት ልጆቹ ደብል ክፍል መደቧቸው፤ ሲገቡ አልጋው አንድ ብቻ። አንደኛው ሌሊቱን ቆመው ጸለዩ። ልጆቹ ጠዋት «እንዴት ያሉ ትጉህ ናቸው!» ብለው ተደነቁ።

ቁርስ በዋጋው ውስጥ ነው ተብሏል። ዓርብ ጠዋት ነው፤ ጠረጴዛው እንቁላልና ቅቤ፤ አሮጊቶቹ እስከ 9 ሰዓት ጿሚዎች፣ ቁርሱ 4 ሰዓት ላይ የሚነሳ። የከፈልንበትን እንቁላል ማን እንደበላው እግዜር ይወቅ። ሰኞ ደግሞ ክፍሉ 12 ሰዓት ላይ ይለቀቃል ተባሉ። ሆቴሉ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ቀትርን ማለቱ ነበር። እመቤቲቱ በእኛው ቆጥረው፣ ገና በ11 ሰዓት ንጋት ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በር ላይ ቁጭ ብለው ደወሉልኝ፤ «ከመባረሬ በፊት መምጣት አትችልም?»

ታዲያ አንድ ሁለቱን ለምን እርስዎ ቤት አያሳድሯቸውም ብላ የልጅ ልጄ ጠይቃኝ ነበር። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ውሃ በፈረቃ ነው። ሳሎኑ ውስጥ አዲሱ ሶፋ አለ፤ ላስቲኩ ገና አልተነሳም። ደግሞ እኔ ሌሊት ድምፅ አይመቸኝም። ጎረቤት የነበረው ሰው ሁሉ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ተበትኗል፤ የቀረው አጥሩን ከፍ አድርጎ ገንብቷል። እኔ ብቻዬን የዱሮውን ዘመን ልመልስ?

ታናሺቱ ደግሞ ታጭታለች። ለሚመጣው ጥር፣ ጥምቀት ሰሞን ይላሉ፤ ከተማው ጃንሜዳ በሚወርድበት፣ የውጭውም የክፍለ ሀገሩም ሰው አልጋ በሚሻማበት ሳምንት! ከሰብሳቢነት መልቀቄ በጽሑፍ ይረጋገጥልኝ ብዬ ለኮሚቴው አስታወቅሁ። በቴሌግራም የአውራ ጣት ሥዕል ላኩልኝ። ተቀብለናል ማለታቸው ይሁን፣ በርቱ ማለታቸው፣ እስካሁን የነገረኝ የለም።