ማንም አይቀርም

በዚህ ከተማ የሚነገረው ውሸት ብዙ ነው። «መንገድ ላይ ነኝ፣ አምስት ደቂቃ» የሚለው ለብቻው ሐውልት ይገባዋል። በጽናቱ ግን አንደኛ ደረጃ የምሰጠው ቅዳሜ ማታ በብስክሌተኞች የቴሌግራም ቡድን ለሚለጠፈው መልእክት ነው፦ «ነገ 12 ሰዓት፣ መገናኛ። እስከ ሰንዳፋ። በቀስታ ነው፣ ማንም አይቀርም።» ከሥሩ የአውራ ጣት ምልክት ይደረደራል። አንዱ «በጣም በቀስታ! ሰሞኑን እግሬ ዝሏል» ብሎ ያጠናክራል፤ ሌላው «ወሬ እያወራን ነው የምንሄደው» ይላል። የሚያነብ ሰው ይህ ሕዝብ ጠብ የሚባል ነገር የማያውቅ ይመስለዋል።

ከዚያ ሁሉም ስልኩን አስቀምጦ ለጦርነት ይሰናዳል። «በጣም በቀስታ» ያለው ሁለት ሳህን ፓስታ ያወርዳል። «ወሬ እያወራን» ያለው ካቴናውን በናፍጣ አጥቦ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ ዘይት በጠብታ ያጠጣዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «ነገ በጠዋት ተነሺ ነኝ፣ ድምፅ ቀንሱ» ብሎ ቤተሰቡን ያስተኛል። እግሩን በምላጭ የሚላጭም አለ፤ ሚስቱ ምክንያቱን ብትጠይቀው «ብወድቅ ቁስሉን ለማጽዳት እንዲመች» ይላታል። በቀስታ ለሚሄድ ሰው የሚገርም አርቆ አሳቢነት ነው።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ ደረቆች አልጠፉም። «ውድድር ከሆነ ውድድር ነው በሉ» ይላሉ። እኔ ግን ልከላከልለት ተነሥቻለሁ። ውድድር እኮ ዳኛ አለው፣ መነሻ መስመር አለው፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውጤት አለው፤ ውጤት ባለበት የሚያሸንፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። በእኛ «በቀስታ» ግን አሥራ አራት ሰው ይነሣል፣ አሥራ አራቱም ያሸንፋል፦ የቀደመው ስለቀደመ፣ የተቀደመው ስላልተወዳደረ። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ስፖርት ያየ ሰው ይጠቁመኝ።

ጠዋት መገናኛ ላይ ሰላምታው እንዳለቀ የማመካኛ ምዝገባ ይጀመራል። ተራ በተራ ነው፤ ሌላው ሲናገር አይቋረጥም። አንዱን ጉንፋን ይዞታል። አንዱ ትናንት ሰርግ ነበረበት፣ ሌሊቱን ቆሞ ነው ያደረው። አንዱ ወገቡን። ዐቢይ ጾም ሲሆን ነገሩ ይጠናል፤ 55 ቀን ሙሉ ጿሚው ሁሉ አንድ ዓይነት ማመካኛ ስላለው ማንንም ከማንም አይለይም፣ ብልጦቹ ስለዚህ ጾሙ ላይ ጉንፋን ይደርባሉ። ሳያስመዘግብ የሚነሣ ሰው የዋህ ነው። ቢቀደም የእውነት ተቀደመ ማለት ነው።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ የደነገገው እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ነው። ደንቡ የሚመለከተው ፈቃድ ያላቸውን ተወዳዳሪዎች ነው፤ ሰንዳፋ ጨጨብሳ በልቶ የሚመለስን የባንክ ሠራተኛ ማንም አይመዝነውም። የኛ ሰው ግን ራሱን ይመዝናል፤ ይቅርታ፣ ብስክሌቱን። የካርቦን መሪና ኮርቻ ደግሞ በአሜሪካ ዘመድ ሻንጣ ነው የሚገባው። ዳላስ ያለችው እህት ለእናቷ የስኳር መለኪያ፣ ለልጆቹ ጫማ አሰናድታ ሳለ ወንድም ይደውላል፤ «ትንሽ ዕቃ ናት፣ ደግሞም ቀላል ናት።» አልዋሸም፣ ቀላል ናት፤ ያስወደዳትም ቅለቷ ነው። ጫማው ለሚቀጥለው መጪ ይተላለፋል። እንዲህ ተብሎ ከብስክሌቱ ላይ 300 ግራም ይቀነሳል፤ ከቀበቶው በላይ ያለው ስምንት ኪሎ ግን እንደ ቅርስ ተጠብቆ ይቆያል።

አሁን ወደ ጋሼ እንምጣ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጋሼ አለው። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ወይም የቀድሞ የአየር ኃይል ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ፣ ብስክሌታቸው አሮጌ ብረት፣ ኮዳቸው ውስጥ በሶ በማር። «እናንተ ሂዱ ልጆቼ፣ እኔ ከኋላ እያዘገምኩ እመጣለሁ» ይላሉ። አዲስ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝንላቸዋል። ነባሮቹ ይፈራሉ።

ጋሼን ነፋስ ላይ መተው ነውር ነው። ስለዚህ ወጣቱ በየተራው ከፊት እየወጣ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፤ እሳቸው መሐል ተቀምጠው ስለ ልጃቸው ምረቃ ያወራሉ። መሐል መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሜዳ ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሰው አብዛኛው ጉልበቱ የሚያልቀው አየሩን በመግፋት ነው። ከሌላው ጀርባ የተጠጋ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በ121 ብስክሌተኞች መንጋ ውስጥ ከመሐል ወደ ኋላ ያለው ሰው የሚገጥመው የአየር ጫና ብቻውን ቢነዳ ከሚገጥመው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ነው ብሏል። ጋሼ ጥናቱን አላነበቡም። ሽበት ስላላቸው አያስፈልጋቸውም።

ሰንዳፋ ሊገባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀር ወሬያቸው ይቆማል። ልጃቸው ሳይመረቅ ይቀራል። ማርሽ ይጨምራሉ፣ ከኮርቻው ብድግ ይላሉ፣ ይሄዳሉ። መንገዱን ሙሉ ነፋስ ሲመክት የመጣው ወጣት እግሩ አልቋል፤ ያላለቀበትም ቢሆን ትልቅ ሰው እንዴት ይቀደማል? ሲደርሱባቸው «ውይ ልጆቼ፣ ጥላችሁኝ የምትሄዱ መስሎኝ ፈርቼ እኮ ነው» ይላሉ። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ አንበሳ ነዎት!» ይባላል። አፉ ቅቤ ሆዱ ጩቤ የሚባለው ተረት ለእሳቸው አይሠራም፤ አፋቸውም ሆዳቸውም ቅቤ ነው፣ ጩቤው ያለው ባታቸው ላይ ነው።

ሰንዳፋ ከመደረሱ በፊት ግን፣ ከለገጣፎ በኋላ ፍጥነቱ ይጨምራል። ማን እንደጨመረው አይታወቅም። በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ተባብለው የተነሡት 32 ይገባሉ፣ 36 ይገባሉ፤ ከኋላ «ቀስ!» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ከፊት ያሉት ሁለቱ «እሱ ነው» «እሱ ነው» ይባባላሉ። የሚሆነው እንዲህ ነው። ጎን ለጎን ሲነዱ አንዱ የፊት ጎማውን ከጓደኛው ጎማ በስንዝር ያስቀድማል። ጓደኛው ለመስተካከል ትንሽ ይረግጣል። የመጀመሪያው ስንዝሯ እንዳትጠፋበት እሱም ይጨምራል። ሁለቱም ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ስለ ቤት ኪራይ እያወሩ ነው። ከፍታው 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው፤ ብስክሌቱን ብዙም አያግደውም፣ ሳንባንም ብዙም አይመግብም። እዚህ ላይ ወሬው ራሱ ውድድር ይሆናል። ስለ አከራዩ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ሳይተነፍስ የጨረሰ ሌላውን ቀጥቅጦታል።

አንዳንዴ በዚህ መሐል አንድ የገበሬ ልጅ፣ በሸራ ጫማ፣ ከኋላው ጄሪካን ባሰረ የቻይና ብስክሌት ከጎን ብቅ ይላል። ጥቂት አብሮ ይነዳል፣ «አይዟችሁ» ይልና ወደ መንደሩ ይታጠፋል። ይህን ልጅ ማንም አላየውም። ነገ ብትጠይቋቸውም አላዩትም።

የሚቀረው ሰው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ መልእክቱን እንደተጻፈ ያመነ። አንዲት ጀማሪ ብስክሌት ገዝታ፣ ሦስት ወር ጎዳናው ጭር በሚልበት ሰዓት ተለማምዳ፣ «በቀስታ ከሆነማ» ብላ ትመጣለች። ለገጣፎ ላይ አሥር ሜትር ወደ ኋላ ትላለች። አሥር ሜትር ቀላል ነገር አይደለም። ከመንጋው ከለላ የወጣ ሰው ነፋሱን ብቻውን ነው የሚቀበለው፤ ከሁሉ የደከመው ከሁሉ በላይ እንዲሠራ ይፈረድበታል። አሥሩ ሃምሳ ይሆናል፣ ሃምሳው ሁለት መቶ፣ ከዚያ መታጠፊያው ላይ ጀርባቸው ይጠፋል። ጎማዋ የሚተነፍሰው ሰው ገና በአጠገቧ ሳለ ከሆነ ግን የወንድማማችነቱን ትልቁን ትዕይንት ታያለች። ስድስት ሰው ይከባታል። አንዱ ፓምፕ ይይዛል፣ አንዱ የጎማ አወላለቅ ያስተምራል፣ አንዱ ከየት እንደገዛችው ጠይቆ «እሱማ አይረባም» ይላል፣ ሦስቱ ፎቶ ይነሣሉ። ጎማውን የምትቀይረው ራሷ ናት። የቀሩት ሰባቱ «ቀስ እያልን እንጠብቃችኋለን» ብለው ሄደዋል። ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ቀስ እያለ የጠበቀ ሰው ላይ ደርሼ አላውቅም።

ሰንዳፋ ካፌ ገብተው ጨጨብሳና ማኪያቶ ሲያዙ ጉዞው እንደገና ይነዳል፤ ዋናውም ይኼኛው ነው። የከተማው መግቢያ ታፔላ ጋ እሽቅድምድም አለ ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን ከየትኛው የስልክ እንጨት እንደሚጀመር ያውቃል። ሁለተኛ የወጣው «ወገቤን ላፍታታ ነው ብድግ ያልኩት» ይላል። ሦስተኛውን አህያ ዘግታበት ነው። የሰንዳፋ አህዮች ለምን ሁልጊዜ ሦስተኛ የሚወጣውን እንደሚመርጡ የሚመለከተው ተቋም ቢያጠናው ደስ ይለኛል። ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ግብግብ ይነሣል፤ ታፔላው ጋ በክርኑ የገፋህ ሰው ያንተን ቁርስ ካልከፈልኩ ብሎ አንገትህ ላይ ይጠመጠማል። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ ይህ ፍቅር የእውነት ነው። እነዚህ ሰዎች ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ሲታመሙ ይጠያየቃሉ፣ የተሰበረ ፔዳል ከራሳቸው ፈትተው ይሰጣሉ። የሚዋሹት ስለ ፍጥነት ብቻ ነው።

ከዚያ የአገር ጉዳይ ይነሣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሯት፣ እነ ገረመው ደንቦባ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የጎዳና ውድድር እንደተሰለፉ ይወሳል። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑ ይነገራል። «እኛ እኮ» ይላል ጨጨብሳውን የሚያጎርሰው። ቀጥሎ ስፖርቱ ለምን እንዳላደገ ይተነተናል፦ ቀረጡ፣ መንገዱ፣ ስፖንሰር ማጣቱ፣ ፌዴሬሽኑ። ሁሉም እውነት አለበት። ያችን ልጅ ግን ማንም አያነሣትም። በሚቀጥለው እሑድ አትመጣም፤ «ሰው አይጸናም እኮ» ይባልላታል።

ውጭ አገር ያሉት አማተሮች የባሱ መሆናቸው ያጽናናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገ የአማተሮች ጉዞ ሁለት ሰዎች ኢፒኦ የተባለው የተከለከለ አበረታች መድኃኒት ተገኝቶባቸዋል። በ2017 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ አማተር ብስክሌቱ ውስጥ ሞተር ደብቆ ተይዟል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነውር የለም። እኛ አይሱዙ አለን። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ እያቃሰተ የሚወጣ አይሱዙ ጀርባ መለጠፍ ብልሃት ነው ተብሎ ለጀማሪ ይመከራል፤ ሾፌሩ በመስታወት እንደማያየውና ፍሬን ቢይዝ ፊቱ የሚያርፈው የት እንደሆነ አይነገረውም። ማታ ጉዞ በሚመዘገብበት በስትራቫ መተግበሪያ ላይ የዳገቱ ክብረ ወሰን ይሰበራል። የጉዞው ርዕስ «ቀላል የእሑድ ጉዞ» ይላል፤ ከሥሩ አማካይ የልብ ምት 171።

ቡድኑን ለምታስተዳድሩ ወንድሞች የምለው አንድ ነው። ሁለት መልእክት ለጥፉ። አንዱ «ውድድር ነው፣ የቻለ ይምጣ» ይበል፤ ማንም አያፍርበትም፣ መወዳደር ደስ ይላል፣ ለዚህ ነው የምንወጣው። ሌላው በቀስታ ይሁን፤ ከኋላም ስሙ ተጠርቶ የተመደበ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ የያዘ፣ ከመጨረሻው ሰው ላይቀድም ቃል የገባ አንድ ጎበዝ ይኑር። ጋሼን እንድትመድቡ እለምናለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው «ከኋላ እያዘገምኩ» ብለዋልና ቃላቸውን ያክብሩ።

እስከዚያው ግን አዲስ የምትመጪው እህቴ፣ የውስጥ ጎማ፣ ፓምፕና የትራንስፖርት ገንዘብ ይዘሽ ውጪ። ከሰንዳፋ ወደ መገናኛ ሚኒባስ አለ። ብስክሌቱን ጣሪያው ላይ ያስሩታል፤ የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሪ ይሉሻል፣ ተከራከሪ።