ምሥጢረ ዋጋ

ከጥንት ጀምሮ ነጋዴ ሸቀጡን ዘርግቶ ዋጋውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጠራ፣ ገዢም ግማሹን ነው የምሰጥህ እያለ እየተከራከረ፣ በስተመጨረሻም «በል ይሁን» ተባብለው እየተመራረቁ ሲለያዩ ኖረው ሳለ፣ በዚህ በእኛ ዘመን ግን በቴሌግራምና በፌስቡክ ገጽ ላይ የዕቃውን መልክና ቀለም፣ ርዝመትና ስፋት፣ የመጣበትን አገርና ለቤት የሚያመጣውን ሞገስ ሁሉ አምልቶ አስፍቶ ከተረከ በኋላ፣ አንዲቱን ነገር ብቻ ለይቶ በመሰወር «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ የሚፈጽም አዲስ የነጋድያን ትውልድ ተነሥቷል። እኔም በሙያዬ የገበያና የማስታወቂያ ሠራተኛ ስለሆንሁ፣ ኑሮዬም ከዚሁ ስለሚገኝ፣ ይህን ኅቡእ ጥበብ አላዋቂዎች በየሻይ ቤቱ ሲያሙት እየሰማሁ ዝም ማለቱ ኅሊናዬን ቢከብደው ጥብቅና ልቆምለት ቆርጫለሁ።

በአሜሪካ አገር ጀሮም ማካርቲ የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው የገበያ ትምህርት መጽሐፍ ነገሩን ሁሉ በአራት ከፍሎ፣ ምርት፣ ዋጋ፣ ሥርጭትና ማስተዋወቅ ብሎ አስተማረ፤ እኛም በየኮሌጁ ይህንኑ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ይዘን ተመረቅን። ከእርሱም በፊት፣ በፓሪስ ከተማ ከ1852 ጀምሮ ቦን ማርሼ የተባለውን መደብር ያስፋፋው አሪስቲድ ቡሲኮ፣ በፊላዴልፊያም በ1876 ታላቁን መደብሩን የከፈተው ጆን ዋናሜከር፣ በየዕቃው ላይ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት አንጠልጥለው ባለጠጋውና ድኻው፣ አፈ ቀላጤውና ዓይን አፋሩ በአንድ ዋጋ ይገዙ ዘንድ ፈቀዱ። ምስኪኖች! ገዢ ሳይጠይቅ ዋጋ አውቆ፣ ከኪሱ ጋር ተማክሮ፣ ካልተስማማው በሰላም ወደ ቤቱ ሲመለስ ከዚያ ሰው የሚቀረውን ትርፍ አላሰቡትም። የእኛ ጥበበኞች ግን ከአራቱ አንዱን በጨለማ ውስጥ ቢሰውሩት ሦስቱ ይበልጥ እንደሚያበሩ ማንም ሳያስተምራቸው ደረሱበት።

ሥርዓቱን በጥሞና ለተመለከተው ሰው ሕንጻው የቤተ ክርስቲያናችንን አሠራር ይከተላል። ፎቶግራፉ ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል የመጣ ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ልብ ይሰጣል፣ ያጨበጭባል። ከፎቶግራፉ በታች ያለው የአስተያየት ስፍራ ቅድስት ነው፤ ወደዚያ የሚገባው ሐሳቡ የጸናለት ብቻ ነው። ዋጋው ግን በመቅደሱ ውስጥ፣ ከመጋረጃው በስተኋላ ይኖራል፤ ወደዚያም የሚገቡት ገጹን የሚያስተዳድሩት «አድሚን» የተባሉት ካህናት ሲሆኑ፣ ከምእመናንም እነርሱ መርምረው የፈቀዱለት ይደርሰዋል። ከቅዳሴው መሐል ዲያቆኑ ንኡሰ ክርስቲያንን እንደሚያሰናብት ሁሉ፣ ገና ገንዘብ ያልያዘውም ገዢ በትሕትና ይሸኛል። በቅድስት የቆመው ሕዝብ የሚያሰማው ምሕላማ እንዴት ያለ ነው! አንዱ «ዋጋ?» ይላል፣ ሌላው «ስንት ነው?» ይላል፣ በውጭ አገር ቋንቋ የሚኮራው «ፕራይስ?» ይላል፣ ቃል ያጠረው ደግሞ አንዲት ነጥብ ብቻ አስቀምጦ ያልፋል፤ አድሚኑም ለእያንዳንዱ «ኢንቦክስ አድርገናል» እያለ ሲመልስ፣ እግዚኦታው አርባ አንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ ስለሚያበቃ ይህኛው ከዚያኛው በርዝመት ይበልጣል ማለት ድፍረት አይሆንብኝም።

የምሥጢሩን ክብር በቅርብ ያየሁት በጎረቤቴ በኩል ነው። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው ቢቃጠልባቸው የልጅ ልጃቸው በስልካቸው ላይ አንድ ያማረ ምጣድ አሳየቻቸውና፣ እሳቸውም በዚያው ስልክ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ «ሰላም፤ የምጣዱ ዋጋ ስንት ነው?» ብለው ጻፉ። መልሱም ወዲያው ሁለት ቀይ ልብ አስከትሎ መጣ፦

«ሰላም ውዴ፣ እንዴት ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዋጋው?»

«የቱ ነው ማሬ?»

ፎቶግራፉን መልሰው ላኩለት።

«እሱ ኦርጂናል ነው የኔ ቆንጆ፣ ዋስትና አለው፣ ሦስት ፍሬ ብቻ ነው የቀረን። ሰፈር የት ነሽ?»

«ኮተቤ። ዋጋው ግን ስንት ነው?»

«ስልክሽን ላኪልኝ፣ ልጆቹ ይደውሉልሻል።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥያቄ መልስ አለው እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩት እትዬ፣ ማሬ ተብለው መጠራታቸውን ከባለቤታቸው ሞት በኋላ የመጀመሪያው ነው ብለው ሥቀው አለፉት፤ ልጆቹም በማግስቱ ደውለው «ዋጋው እንደየሁኔታው ነው፣ ሱቅ ብቅ ቢሉ እንስማማለን» አሏቸው። እሳቸው ግን ለዚህ ጸጋ ያልታደሉ ሆነው መርካቶ ወረዱ። በዚያም አንድ ነጋዴ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ዋጋውን ጠራላቸው፤ ተከራከሩት፣ ቀነሰላቸው፣ ምጣዱን በላዳ አስጭነው ገቡ፤ በዚያው ቀን ማታም እንጀራ ተጋገረ። አንድም ቀይ ልብ ሳይለዋወጡ፣ ስለ ደኅንነታቸው ሳይጠያየቁ፣ ዕቃና ገንዘብ ብቻ ተለዋውጠው ተለያዩ! ከዚህ የበለጠ ደረቅ ግብይት ከየት ይገኛል?

ዋጋ የሚሰወርበትን ምክንያት የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፤ ከምክንያቶቹም አንዱን በእውነት አልንቀውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ በለቀቀ ጊዜ፣ አንዱ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ዛሬ ዋጋ የጻፈ አስመጪ ነገ በዚያው ዋጋ ዕቃውን መተካት እንደማይችል እኔም ዐውቃለሁ፤ በዚያ ሰሞን እጁ ለመጻፍ ቢንቀጠቀጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሽሮ ሜዳ የተሰፋ የሐበሻ ቀሚስ፣ ከዓመት በፊት ተገዝቶ መጋዘን ያደረ ሶፋ፣ ጎረቤት የጋገረችው የልደት ኬክ ስለምን አብረው ከመጋረጃ ገቡ ቢሉ፣ ምሥጢሩ ሌላ ነው። ዋጋው ገና አልተወለደም፤ የሚወለደው ጠያቂው ሲታወቅ ነው። አድሚኑ መጀመሪያ የጠያቂውን ስም ይነካል፣ ፎቶግራፉን ያያል፣ ከመኪና አጠገብ የተነሣ እንደሆነ ልብ ይላል፣ ሰፈሩን ይጠይቃል፤ ስልኩ በዜሮ ዘጠኝ መጀመሩ ቀርቶ በፕላስ አንድ የጀመረ እንደሆነ ደግሞ በሜሪላንድ በሌሊት ፈረቃ ቆማ የምታድረውን እኅታችንን የዶላር ባሕር ውስጥ እንደምትዋኝ ቆጥሮ በዚያው ልክ ይጽፍላታል። ለእያንዳንዱ እንደ መልኩ መስጠት ከፍትሕ መንፈሳዊ እንጂ ከስስት አይቆጠርም፤ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ዋጋ ጽፎ ለሰው ሁሉ ማሳየት ግን የሰውን ልዩ ልዩ ጸጋ መካድ ይሆናል።

ሕግ አዋቂዎች ነን የሚሉ ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን እየጠቀሱ፣ ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ስፍራ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያመለክት ታዟል ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ንባቡን ይዘው ትርጓሜውን አላገኙትም። የሙያችን ሊቃውንት እንዲህ ይተረጉሙታል፦ ግልጽ ስፍራ ማለቱ ውስጥ መስመር ነው፤ ለጠየቀ ይገለጣልና። አንድም ስልክ ነው፤ የተነገረ ከተጻፈ ይልቅ ጆሮ ይገባልና። አንድም የነጋዴው ልቡና ነው፤ ለእርሱ ግልጽ ነውና። ዋጋ ማለቱም ቅናሽ ነው፤ በዓል ሲመጣ «የ30 በመቶ ታላቅ ቅናሽ» ተብሎ በትልልቁ ይጻፋልና። ከምኑ ላይ ነው ሠላሳ እጁ የተነሣው ብሎ የሚጠይቅ ተንኮለኛ ቢኖር፣ ከማይታወቅ ላይ ቢቀነስ የሚቀረውም የማይታወቅ ስለሆነ ሒሳቡ ስሕተት የለበትም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሥርዓት በምጣድና በቀሚስ ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሁለት ሰው!» ብሎ እየጮኸ ሒሳቡን ግን ከመስቀል አደባባይ በኋላ በየተሳፋሪው ጆሮ፣ ጫማ ጫማውን እያየ በሹክሹክታ ቢነግር፤ የጉልቷ እናታችን ሽንኩርቷን በመደብ በመደብ ደርድራ «ዋጋ ለብቻሽ ነው የምነግርሽ» ብትል፤ የምግብ ቤቱም ዝርዝር ክትፎውን፣ ጥብሱንና በየዓይነቱን በወርቅ ቀለም ጽፎ ከጎኑ «አስተናጋጁን ያናግሩ» የሚል ቢኖርበት፣ ኑሯችን ምን ያህል በሰው ለሰው ግንኙነት ይሞላ ነበር! ዕድሩም ወርኃዊ መዋጮውን ለየአባሉ በስውር ቢያስታውቅ፣ ዳኛውና ጸሓፊው የዓመቱን ሒሳብ ለማቅረብ ባልተጨነቁ። የቤት ደላሎች በዚህ ረገድ ቀድመውናል፤ ክብር ለሚገባው ክብር መስጠት ይገባልና መጥቀሴ ነው።

ከሐቅ ላለመራቅ፣ በዚያው በቴሌግራም መንደር ውስጥ ሥርዓቱን የጣሱ ጥቂት ከሓድያን መኖራቸውን ልናዘዝ። ፎቶግራፍ ይለጥፋሉ፣ ቁጥሩንና ልኩን ይጽፋሉ፣ ከሥሩም ዋጋውን በአኃዝ ያኖራሉ፤ ዕቃው ሲያልቅም «ተሽጧል» ብለው ያመለክታሉ። ገዢው ያያል፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በእጃችን በገባው በቴሌብር ይከፍላል፣ በሞተር የመጣለትን ተቀብሎ በሩን ይዘጋል። ውዴ የለ፣ ማሬ የለ። እንዲህ ያለውን ቤት እንዳስተዋውቅለት ቢጠራኝ ምን ሥራ ይኖረኛል? ዋጋው ራሱ ተናግሮ ጨርሶታል፤ ለእኔ የሚቀረው ፎቶግራፉን በብርሃን ማንሣት ብቻ ነው።

የተሰወረው ዋጋ ግን ለሙያችን የሚያስገኘው ሌላ ሲሳይ አለ፤ እዚህ ላይ ጥብቅናዬን ላቁምና የሙያዬን ገመና አንድ ጊዜ ልናገር። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ብዙ ሰው ቃል የጻፈበትን ማስታወቂያ ተወዳጅ ነው ብሎ ለበለጠ ብዙ ሰው የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ የተጻፈው ቃል አድናቆት ይሁን ግራ መጋባት አይለይም፣ ይቆጥራል እንጂ። ስለዚህ «ስንት ነው?» እያለ የሚሰለፈው ሕዝብ ሁሉ፣ በውጭ ምንዛሪ መከፈል የነበረበትን የማስታወቂያ ዋጋ ለነጋዴው በጣቱ እየከፈለለት ነው፤ ዋጋ የጻፈው ምስኪን ግን የሚጠይቀው ስለማይኖር ከገጹ ግርጌ ይቀበራል። መሰወሩን የሚያተርፍ ያደረገው የእኛው ጥያቄ ነው፤ ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ ምንም ቢያምርህ ከሥሩ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳታኖር እለፈው። ዋጋውን በግልጽ የጻፈ ስታገኝ ደግሞ፣ ባትገዛም እንኳ፣ ከሥሩ አንድ ቃል ጻፍለት።