ደስ ብሎን ቅር ሲለን

አሰላ ውስጥ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲባል «አሜን» ብሎ አያበቃም። «ደስማ ብሎኛል፣ ግን ትንሽ ቅር ቅር ይለኛል» ይላል። ምኑ ነው ቅር ያሰኘህ ቢሉት ያመነታል። ደስታ ሚዜ እንደሌለው ሙሽራ ብቻውን ሲመጣ የምናፍርበት ይመስለኛል።

ገብስ አምራቹን ተመልከቱ። ዋጋ ጨመረ ሲባል ያልሸጠው ነገ ይወርድብኛል ብሎ ይሰጋል፤ የሸጠው ደግሞ ምነው ሳምንት በታገስኩ ብሎ ያዝናል። በጥሩ ዋጋ የሸጠ አንድ ሰውዬ ማታ ደስታውን ሊያወራርድ መጠጥ ቤት ገባ። ጠጣ፣ ጋበዘ፣ ሒሳብ መጣ። «ቢራ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ የተወደደው?» ብሎ አስተናጋጇ ላይ አፈጠጠ።

«ብቅል ተወደደ ይላሉ፣ ጋሼ።»

«ብቅሉን ምን አስወደደው?»

ልጅቷ ዝም አለች። የብቅል ፋብሪካ ባለበት ከተማ ይህን ማስረዳት የሷ ሥራ አይደለም። ጠረጴዛውን የከበቡት ግን ሁሉም ዞረው እሱን አዩት። ከፈለ፤ መልሱን ግን ሁለት ጊዜ ቆጠረ።

በሩጫ ጊዜማ ይብሳል። ነሐሴ 1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ቀነኒሳ በቀለ ወሰደ፤ ስለሺ ስህን ሁለተኛ፣ በአትላንታና በሲድኒ ያሸነፈው የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አምስተኛ ወጣ። ወጣቶቹ እየሮጡ እንኳ ኃይሌ ደረሰ አልደረሰ ብለው ወደኋላ ዞር ዞር ይሉ ነበር። እንግዲህ እነሱ እንዲህ ከሆኑ አሰላ ሆኖ የሚያየው ሰው ምን ይሁን? ሲያጨበጭብ ኃይሌን የከዳ፣ ሲያዝን በአገር ወርቅ የቀና ሊመስል ነው።

ዘዴ ግን አላጣንም። ከአዲስ አበባ ሰው ጋር ስናወራ ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም «የኛ የአርሲ ልጆች» ናቸው። ሦስቱም ሯጮች በወጡባት በበቆጂ የተወለደ ሰው አጠገባችን ከተቀመጠ ግን ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ኃይሌ ይዞራል። በቆጂዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ሜዳሊያ አይቆጥሩብንም፤ ፈገግ ብለው የሻዩን ሒሳብ ይከፍሉልናል።

እሱም ቅር ያሰኛል።